ከበርጫ እስከ ጨብሲ፦ በድሬዳዋ ግቢዎች ስለ አልኮል የአንድ ሴሚስተር ሥራ እንዴት ይሠራል?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ አልኮል ለተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ይስታል። አዳራሹ ይሞላል፣ የታመመ ጉበት ሥዕል በፕሮጀክተር ይታያል፣ ተናጋሪው ይመክራል፣ ተሰብሳቢው ያጨበጭባል። ተማሪው የሚጠጣው ግን በሌላ ሰዓትና በሌላ ምክንያት ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማለትም ጫት ለመቃም፣ ይቀመጣል፤ ለፈተና እያነበበም ይሁን እየተጫወተ ይመሻል፤ የጫቱ ምርቃና አላስተኛ ሲለው «ጨብሲ» ብሎ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር፣ ወደ ከዚራ ወይም ወደ ሳቢያን ሰፈር ይወጣል። ይህን ቅደም ተከተል የማይነካ ምክር፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ተማሪው ዘንድ አይደርስም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለተማሪዎች ኅብረት፣ ለክበባት፣ ለፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) እና ለግቢ ክሊኒክ ነርሶች ነው። ሐረር ባለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅም ሆነ በግል ኮሌጆች ያለ ብዙ ለውጥ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ግቡን ተስማሙበት

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አባላቱ «ምን እንፈልጋለን?» በሚለው ላይ መነጋገር አለባቸው። አንዱ «ሁሉም ያቁም» ሲል ሌላው «በልክ ይጠጡ» ካለ ፖስተሩ ራሱ እርስ በርሱ ይጋጫል። የምመክረው ሦስት ግብ ነው፦ ያልጀመረው ሳይጀምር እንዲቆይ መደገፍ፣ የሚጠጣው ጉዳቱን እንዲቀንስ መርዳት፣ የሰከረው በሕይወት እንዲያድር ማድረግ። ሦስተኛው አስቸኳይ ነው፤ ሌሎቹ ጊዜ ይሰጣሉ።

ሁለት እውነቶች ከመነሻው ግልጽ ይሁኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ «ይህን ያህል ጠጡ፣ አይጎዳችሁም» የሚል ጽሑፍ ከክበባችሁ አይውጣ። ሁለተኛው ሕጉ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል። የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አብዛኞቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ለእነርሱ የሚዘጋጀው መልእክት ከተመራቂዎቹ የተለየ መሆን ይኖርበታል።

ከቢራ ፋብሪካ ወይም ከመጠጥ አከፋፋይ ገንዘብ፣ ቲሸርትና ድንኳን አትቀበሉ። ሐረር ራሷ የቢራ ከተማ እንደመሆኗ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። በጠርሙስ አርማ ሥር የተጻፈ «በኃላፊነት ይጠጡ» ማስታወቂያ ነው፤ የእናንተ ሥራ ሌላ ነው።

አንደኛ፦ ከመናገር በፊት ጠይቁ

ስም የማይጻፍበት አጭር መጠይቅ አዘጋጁና ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የተቆለፈ ሣጥን አስቀምጡ። ፕሮክተር እጅ የሚገባ ወረቀት ላይ ማንም እውነቱን አይጽፍም። ትምህርት ክፍልን፣ ዓመትን፣ ጾታንና የትውልድ አካባቢን አንድ ላይ አትጠይቁ፤ አራቱ ሲገናኙ ሰውየው ያለ ስም ይታወቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት «አውዲት» የሚባል 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለው። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለአደጋ እንደሚያጋልጠው ያመለክታል። ክሊኒኩ ይህን ቢጠቀም ጥሩ ነው። ለክበቡ ሥራ ግን ሁለት ጥያቄዎች ወርቅ ናቸው፦ «አንተ ባለፈው ወር ስንት ቀን ጠጣህ?» እና «የዶርምህ ልጆች ስንት ቀን የጠጡ ይመስልሃል?» ወጣቶች የእኩዮቻቸውን አጠጣጥ ከእውነተኛው በላይ አድርገው እንደሚገምቱ በብዙ አገር ታይቷል። የሚጠጣው ድምፁ ይሰማል፤ በጊዜ የተኛው አይሰማም። ልዩነቱ በእናንተም ግቢ ከወጣ ቁጥሩን እንዳለ በሚኒ ሚዲያ አስነግሩ፣ ካፌ በር ላይ ለጥፉ። ድሬዳዋ በሃይማኖቱም በልማዱም አልኮል አፉ የማይደርስ ተማሪ የሞላበት ከተማ ነው። አዲስ ገቢው ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ቢያውቅ «ሁሉም ይጠጣል» ብሎ አይጀምርም።

ሁለተኛ፦ የምሕረት ደብዳቤውን አስፈርሙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ማታ በግቢው በር የሚሆነውን አስቡት። ሁለት ልጆች ሦስተኛውን በትከሻቸው ይዘውታል። አፉ እንዳይሸት ማስቲካ አጉርሰውታል፤ «ራሱን አሞት ነው» ይሉታል ጥበቃውን። አልፈው ዶርም ያስገቡታል፣ በጀርባው ያስተኙታል፣ ብርድ ልብስ ይደርቡለታል፣ መብራት ያጠፋሉ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። የፈሩት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውን ነው፤ ጓደኛቸው ትምህርቱን እንዳያጣ ብለው ነው የደበቁት። በጀርባው የተኛ ሰካራም ግን ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሞት ይችላል፤ ክሊኒኩ ደግሞ የሚገኘው ከዚያ ዶርም ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው።

ይህን ፍርሃት የሚሰብረው ወረቀት ነው። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊው ዘንድ ቀጠሮ ያዙ፤ የክሊኒኩን ነርስ ይዛችሁ ግቡ። የምትጠይቁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለቅ፦ «የሰከረ ጓደኛውን ለማሳከም ጥበቃን፣ ፕሮክተርን ወይም ክሊኒክን የጠራ ተማሪም፣ የታከመውም ተማሪ፣ በመጠጣታቸው ምክንያት ብቻ በሥነ ሥርዓት አይከሰሱም።» ድብደባ ወይም ስርቆት ከተፈጸመ ጉዳዩ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ይህንንም በግልጽ ጻፉት፣ ኃላፊው ለመፈረም ይቀለዋል። ደብዳቤው ማኅተም ካረፈበት በኋላ በየሕንፃው በር ይለጠፍ። ለጥበቃ ሠራተኞች በቃልም ይነገራቸው፤ ሌሊት በሩ ላይ የሚቆሙት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛ፦ ቡድኑን ከልዩ ልዩ ተማሪ አዋቅሩ

ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይበቃል። በፍጹም የማይጠጡም የሚጠጡም፣ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም፣ ሴቶችም ወንዶችም ይኑሩበት። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ግን መሪ አይሁን። የሚቅም ተማሪ መካተቱ ላይ ቅሬታ ሊነሳ ይችላል፤ እኔ እንዲካተት እከራከራለሁ፤ በርጫው በስንት ሰዓት እንደሚበተንና ልጆቹ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ መጠኑን በዓይን አሳዩ

ይህ ክፍል ተማሪ ይወደዋል፤ ወጪውም የለም ማለት ይቻላል። ባዶ የቢራ ጠርሙስ፣ የአረቄ መለኪያ፣ ብርሌና ተራ የውኃ ብርጭቆ ሰብስቡ። ከክሊኒክ ለሽሮፕ የሚሰጠውን ባለ መስመር ኩባያ ተዋሱ። ከዚያ አንዱን ተማሪ አስነሱና በተራው ብርጭቆ «አንድ መለኪያ» የሚለውን ያህል ውኃ እንዲቀዳ ጠይቁት። የቀዳውን በባለ መስመሩ ኩባያ ስትለኩት ክፍሉ ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፤ አንድ ያለው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ጻፉት። 330 ሚሊ ሊትር የሆነና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ፣ አረቄው 45 በመቶ ከሆነ፣ 14 ግራም ነው። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ፣ ጠጁ 10 በመቶ ከሆነ፣ 20 ግራም ይደርሳል። ቤት የተጠመቀ ጠጅና የወጣ አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ እነዚህ ቁጥሮች ለመነሻ ብቻ ናቸው። «እኔ ቢራ ነው የምጠጣው፣ አረቄ አልነካም» ለሚለው ተማሪ ግን መልሱ እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው፦ አንድ ጠርሙሱ ከአንድ መለኪያ ጋር እኩል ሊባል ትንሽ ነው የቀረው።

ቀጥሎ ጊዜውን አሳዩ። የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ያቃጥላል። ምሽት 2 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ጠርሙስ የጨረሰ ተማሪ 78 ግራም ወስዷል፤ አልኮሉ ከሰውነቱ ለመውጣት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ፈተና ካለው የሚቀመጠው እንቅልፍ ሳይጠግብ፣ በአንጎበር ነው። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ የሎሚ ጭማቂም፣ ማስታወክም ጉበትን አያፈጥኑትም። ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ይሆናል።

በዚሁ ትምህርት ሴቶች በተመሳሳይ መጠን ቶሎ እንደሚሰክሩ መነገር አለበት፤ በሰውነታቸው ያለው ውኃ ከወንዶች ስለሚያንስ አልኮሉ በደማቸው ውስጥ ይበዛል። መድኃኒትም እንዳይረሳ። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር እንዳይወሰድ ይመከራል። ድሬዳዋ ደንጊም ወባም የምታውቅ ከተማ ናት፤ በትኩሳት ጊዜ ፓራሲታሞል አብዝቶ መውሰድና መጠጣት ጉበትን ይጎዳል። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል አንድ ላይ ግን ከሁሉም የባሱ ናቸው፤ ሁለቱም ትንፋሽን ያዘገያሉ።

አምስተኛ፦ በርጫው ሳይበተን ድረሱ

ጫትና አልኮል ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ተማሪው በራሱ ቋንቋ ይስማ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብን ያጠፋል፣ እንቅልፍን ያባርራል። የመረቀነ ሰው ሲጠጣ ስካሩ አይሰማውም፤ በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ያው ነው። «ምንም አልነካኝም» እያለ ሌላ ይጨምራል፤ ምርቃናው ሲወርድ ስካሩ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። ከምሳ ወዲህ እህል ስላልቀመሰ ደግሞ አልኮሉ በባዶ ሆዱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ላብ ከወሰደው ውኃ ላይ አልኮል በሽንት ሌላ ሲጨምርበት፣ ሰውነት ይደርቃል።

«ለመተኛት ነው የምጠጣው» የሚለው ምክንያት በቁም ነገር ይመለስ። አልኮል ዓይን ቶሎ ያስከድናል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ግን ይቆራርጠዋል። ያነበቡት ነገር በአእምሮ የሚረጋው በደህና እንቅልፍ ነው። ለፈተና ብሎ የቃመ፣ ለእንቅልፍ ብሎ የጠጣ ተማሪ ያነበበውን በከፊል እዚያው መጠጥ ቤት ጥሎት ይመጣል።

ስለዚህ ምክራችሁ በተግባር ይህን ይምሰል። ለሚቅም ተማሪ ምርጡ ነገር መተው ነው፤ ካልተወ ግን በርጫውን በጊዜ ይጨርስ፣ አብሮ ውኃ ይጠጣ፣ ምሽት ላይ የምግብ ፍላጎት ባይኖረውም ፍርፍር ወይም ሩዝ ይብላ፣ ጨብሲውን በእግር ጉዞና በሻወር ይተካው። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ቢዘገይ አይደንግጥ። ይህን የሚናገረው ከአዳራሽ መድረክ ይልቅ በ11 ሰዓት ወደ ዶርሙ ብቅ የሚል የቡድናችሁ አባል ይሁን፤ ውኃና ዳቦ ይዞ፣ ለደቂቃዎች ያህል። ስብከት አያስፈልግም።

ስድስተኛ፦ ዙርን እምቢ ማለት ይለማመዱ

ልግስናችን ከባድ ነው። አንዱ ዙር ያዛል፣ ሌላው መመለስ አለበት፣ አምስት ልጆች ከተቀመጡ አምስት ጠርሙስ ሳይታሰብ ይመጣል። «በሞቴ!» ሲባል፣ «አቦ፣ አንዴ ብቻ!» ሲባል፣ እምቢ ማለት መናቅ ይመስላል። በአራት በአምስት ሆናችሁ ተለማመዱት፤ አንዱ ይጋብዝ፣ ሌላው ይመልስ። አጭር መልስ ይጸናል፦ «ይብቃኝ፣ አመሰግናለሁ፤ ውኃ እወስዳለሁ።» ምክንያት የሚደረድር ሰው ምክንያቱ ይፈርስበታል። ተጋባዡ ብቻ ሳይሆን ጋባዡም ይሠልጥን፦ አንድ ጊዜ እምቢ ያለን ሰው ሁለተኛ አለመጠየቅ ከጨዋነት ይቆጠራል። ሂሳብ በየግል መክፈልም ዙርን ከሥሩ ያስቀራል።

ሰባተኛ፦ የማታውን መንገድ አስቀድማችሁ አበጁ

የሚወጣ ቡድን ከመውጣቱ በፊት አንድ የማይጠጣ ሰው ይምረጥ፤ የሁሉንም ስልክ ቁጥርና የባጃጅ ገንዘብ ይያዝ። ክበቡ የሚያውቃቸውና የሚያምናቸው የባጃጅ አሽከርካሪዎች ዝርዝር ይኑረው፤ አሽከርካሪዎቹን ፈቃድ ጠይቁና ቁጥራቸውን በትንሽ ካርድ አትሙ። አብሮ የወጣ አብሮ ይመለስ። በክረምት ማንም ሰክሮ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አያቋርጥ፤ ድሬዳዋ ላይ ሳይዘንብ ከላይ ከተራራው የሚወርድ ጎርፍ እንደሚመጣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የሆነውን የሰማ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ነገር ለወንዶቹ በግልጽ ይነገር፦ የሰከረች ሴት ፈቃድ መስጠት አትችልም። ዝምታዋም፣ አብራ መምጣቷም ፈቃድ አይሆንም። ጥቃት ከደረሰ ተጠያቂው አጥቂው ነው፤ «ለምን ጠጣሽ?» የሚል ጥያቄ ከቡድናችሁ አፍ አይውጣ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል አብራችኋት ሂዱ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለውም እንዲሁ።

ስምንተኛ፦ የሰከረ ሰው ሕይወት እንዴት ይጠበቃል?

ይህን በቃል እስኪይዙት ድረስ በተግባር አስተምሩ። ተጠርቶ ወይም ተቆንጥጦ የማይነቃ፣ በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች የሚተነፍስ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆይ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ፣ ድዱ ወይም ጥፍሩ የገረጣ ወይም የጠቆረ፣ ሳይነቃ የሚያስታውክ፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ ጉዳዩ የክሊኒክና የአምቡላንስ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከግቢው ክሊኒክ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ውሰዱት። ሌላው ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ የመጨረሻው ጠርሙስ ወደ ደም ገብቶ ሳያልቅ ሰውየው ገና እየባሰበት ነው።

እስኪመጡ ድረስ በጎኑ አስተኙት። አጠገቡ ተንበርከኩ። ወደ እናንተ ያለውን እጁን ወደ ውጭ ዘርጉት፤ የሌላኛውን እጁን መዳፍ ከጉንጩ ሥር አስገቡ። ራቅ ያለውን ጉልበቱን አጥፉና በእሱ ስባችሁ ወደ እናንተ አገላብጡት። ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉ፤ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል፣ ትውከቱ እንዲወጣ። አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ትንፋሹን ይቁጠር። የጨው ውኃ አታጠጡት፣ ጣት አስገብታችሁ አታስታውኩት፣ ሻወር ሥር አታቁሙት፣ «ይተኛ፣ ያልፍለታል» ብላችሁም ብቻውን አትተዉት።

ምንጩ ያልታወቀ አረቄ ጠጥቶ በማግስቱ «ዓይኔ ደበዘዘብኝ» የሚል ሰው ካለ ሜታኖል ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ይህ መርዝ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም።

ዘጠነኛ፦ መጠጥ የያዘውን ሰው ወደ ሕክምና አድርሱ

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ለማቆም ሞክሮ ያቃተው፣ ለመጠጥ የሚበደር ጓደኛ ካለ ጉዳዩ ከክበብ በላይ ነው። ሳይሰክር፣ ለብቻው አናግሩት፤ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት፦ «ባለፈው ሁለት ፈተና አምልጦሃል፤ ተጨንቄያለሁ፤ ክሊኒክ አብሬህ ልሂድ?» በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም የሚጥል ሕመም ሊነሳበት ስለሚችል «ከዛሬ ጀምሮ ተው» ማለት አደጋ አለው። ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል የሚላክበትን መንገድ ነርሷ ታውቃለች። ስሙ ከእናንተ አይውጣ።

አሥረኛ፦ የቀን መቁጠሪያውን አስቀድማችሁ ያዙ

የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ፣ ገናና ጥምቀት፣ የሴሚስተር ማብቂያ፣ የተመራቂዎች ቀን፤ የሚጠጣባቸው ሌሊቶች ይታወቃሉ። ከእያንዳንዱ አንድ ሳምንት በፊት መልእክታችሁን አድሱ፤ በዕለቱ ማታ ሁለት የሠለጠኑ አባላት ስልካቸውን ከፍተው ይደሩ። በእነዚያው ምሽቶች ግቢ ውስጥ ሻይ፣ ሙዚቃና የእግር ኳስ ውድድር ይኑር። ስሙን «የፀረ አልኮል ምሽት» አትበሉት፤ ማንም አይመጣም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ ለክሊኒክ ስንት ጥሪ መጣ፣ ስንቱን ጓደኛ ጠራው፣ መጠይቁ ሲደገም ምን ተለወጠ። ጥሪው ከበፊቱ ቢጨምር አስተዳደሩ ሊደነግጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ይደበቅ የነበረው ወደ ሕክምና መምጣቱ ነው፤ ከነርሷ ጋር ሆናችሁ አስረዱ። የባጃጆቹን ዝርዝር፣ የተፈረመውን ደብዳቤ ቅጂና የሣጥኑን ቁልፍ ተመራቂዎቹ አባላት ከግቢው ከመውጣታቸው በፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በፊርማ ያስረክቡ።